ጠረጴዛው ላይ ያለው ክብ

ሰው ሁሉ የየራሱን ዜና ብቻ እንዲሰማ ታውጆ፣ የስንዴ ፍሬ የምታክል መናገሪያ በየጆሮው ከተተከለች አስራ አንድ ዓመት ሆነ። የትርሲት ጆሮ ኑሮ እሳት ሆነ ይላታል፤ የባሏ የአስፋወሰን ጆሮ ግን ሁሉ ተትረፍርፏል፣ ዳቦው ራሱ ገዝፏል ይለዋል። በዚህ የተነሳ ባልና ሚስቱ ቁርስ ላይ መነጋገር ካቆሙ ሰንብተዋል።

ዛሬ ጠዋት ትርሲት የገዛችውን ዳቦ ጠረጴዛው ላይ አሳረፈችው። እዚያ ላይ፣ አምና ከዚያው ሱቅ በዚያው ዋጋ የገዛችውን ዳቦ አስቀምጣ ዙሪያውን በቢላዋ የጫረችው ክብ አለ። የዛሬው ከክቡ በሁለት ጣት አነሰ።

"አየህ?"

አስፋወሰን ጆሮውን ያዝ አድርጎ አዳመጠ። "ጠረጴዛው ነው የሰፋው እያለኝ ነው" አለ፣ ራሱም እያፈረ።

"እንግዲያው በዚያ በኩል ያዝልኝ!"

ጠረጴዛውን ተሸክመው ደጃፍ ላይ አቆሙት። ጎረቤቱ ዳቦ ዳቦውን ይዞ ተሰለፈ። ጠግበናል፣ አልቆልናል እየተባባለ ሲነታረክ የመጣ ሁሉ፣ ዳቦውን ክቡ ላይ ሲያኖር ንትርኩን ትቶ ክፍተቱን በጣቱ ይለካል። የሁሉም በሁለት ጣት ያንሳል።

ይሄኔ ሰልፈኛው በአንድ ጊዜ ጆሮውን ያዘ።

"ያንን ጠረጴዛ ባስቸኳይ ወደ ቤት መልሱ!"

በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ ጆሮ ሁሉ አንድ ነገር ሲናገር ይህ የመጀመሪያው ነበር። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከቦታው የተነቃነቀ ግን አልነበረም።

ትርሲት ቢላዋዋን አንስታ በዛሬው ዳቦ ዙሪያ ሁለተኛውን ክብ መጫር ጀመረች።

"ቀጥሎ ያለው ይምጣ!" አለች።