ለአዲስ ገቢ
«ስም ጻፍበት ጋሼ» አለኝ ታናሽ ወንድሜ፣ ኪቦርዱን ወደ ግራ እጄ እያስጠጋ።

«የማን ስም?»

«ያንተ። እዚያ ውስጥ የምትጠራበት።»

«ስም አለኝ» አልኩት። «እናቴ ያወጣችልኝ። አርባ አራት ዓመት ተጠርቼበታለሁ፤ አልተቀደደ፣ አላለቀ።»

ቀኝ እጄ ከአንገቴ በጨርቅ ተንጠልጥሏል። ሥራ ቦታ ከመወጣጫ ላይ ከወደቅኩ ስድስተኛ ሳምንቴ ነው። ሐኪሙ የትከሻህ አጥንት እስኪገጥም አራት ወር ብየዳ የሚባል ነገር እንዳታስብ ብሎኛል። ሃያ ሁለት ዓመት ብረት ከብረት ሳጋጥም ኖሬ የገዛ አጥንቴ አልገጥም አለኝና ቤት ዋልኩ። ጠዋት ሚስቴ ወደ ሥራ ስትወጣ ታናሼን በር ላይ ይዛ፣ «እባክህ አንድ ነገር ፈልግለት፤ ከግድግዳው ጋር ሊደባደብ ነው» ስትለው ሰምቻለሁ። የፈለገልኝ ነገር ይኸው። ጫካና ሰይፍ፣ ዘንዶም ያለበት የኢንተርኔት ጨዋታ።

ከእኛ ጋር ነው የሚኖረው፣ ጓሮ ባለችው ክፍል። ጠዋት ጠዋት በየቢሮው እየዞረ ፕሪንተር ይጠግናል፤ ከምሳ በኋላ በሩን ዘግቶ እዚህ ጨዋታ ውስጥ ይገባል። አሥራ አንድ ዓመቱ። እኔ «ፈዛዛው» ነው የምለው። ክፍሉ ውስጥ ስቀመጥ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።

«ለመሆኑ ይኼ ነገር ከተሠራ ስንት ዓመቱ ነው?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

ያስታውቃል። ዛፎቹ ከካርቶን የተቆረጡ ይመስላሉ። ለእኔ የተሰጠኝ ሰውዬ አፍንጫው በመጥረቢያ የተጠረበ ነው።

«ስንት ሰው አለበት?»

«ድሮ መቶ ሺህ ነበርን። አሁን አራት መቶ ብንሆን ነው።»

«ሌላውስ?»

«አዲስ አዲስ ጨዋታ ሲመጣ ሄደ።»

«እና ተከራዩ ሁሉ ጥሎት የወጣውን ቤት ነው ግባበት የምትለኝ!»

«የቀሩት ሰዎች ጥሩ ናቸው ጋሼ። ሞክረውና ካልጣመህ ትተወዋለህ።»

«ገብቼ ምን ልሠራ?»

«መጀመሪያ እንጨት ትፈልጣለህ። ከዚያ…»

«እንጨት!» ብድግ ስል ትከሻዬ ተሰነጠቀ መሰለኝ፤ ሕመሙ ንዴቴን አባሰው። «ይነዳል? ይሞቃል? እኔ በሠራሁት ደረጃ ላይ ሰው ይወጣል፣ ይወርዳል። አንተ በአሥራ አንድ ዓመት የሠራኸው የቱ ጋ ነው? አምጣና ልርገጠው!»

አንገቱን ደፋ። ምንም ስለው አንገቱን ነው የሚደፋው፤ ጨጓራዬን የሚልጠውም ይኼው ነው።

በዚህ መሃል ከድምፅ ማጉያው አንዲት ወጣት ሴት ተናገረች። «ጋሼ ፋኖስ፣ መጡ እንዴ? ድልድዩ ጋ እየጠበቅንዎት ነው።»

«ማን ነው ጋሼ?» አልኩት። በዚህ ቤት ያ ስም የእኔ ነው።

«እኔን ነው፤ እዚያ ውስጥ ፋኖስ እባላለሁ» አለኝ። ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ ብሎ፣ «መጥቻለሁ። ወንድሜም አብሮኝ አለ» አለ።

ከዚያ የሸመገለ ሰው ድምፅ መጣ። «ታላቅ ወንድሙ ነዎት? አባታችሁ ያረፉ ጊዜ በጣም ነው ያዘንነው። እሱን ብቻውን አልተውነውም፤ ዘጠኝ ቀን በየተራ አብረነው ተቀምጠናል።»

ደሜ ፈላ። የድምፅ ማጉያውን ገመድ ይዤ ነቀልኩት።

«የአባቴን ሞት ለማንም አወራህ? አይተሃቸው ለማታውቃቸው? የቤታችንን ሐዘን የዘንዶ መጫወቻ አደረግኸው?»

«ለማን ላውራ?» አለ። ቀና ብሎ ነበር። በዕድሜው ሙሉ ጮሆብኝ አያውቅም፤ ጮኸብኝ። «ላንተ? ከቀብሩ ማግስት እኮ ሥራ ገባህ! ልታቅፈኝ ነው ብዬ በር ላይ ስጠብቅህ ምን አልከኝ? ‹የአባባን አልጋ ፈታተህ ጓሮ አውጣው።› አወጣሁት። ይኸው ሁለት ዓመት፣ ስሙን እንኳ አንስተህልኝ አታውቅም!»

ሥራ የገባሁት እኮ በብየዳ ጭምብል ውስጥ ፊቴን የሚያየኝ ስለሌለ ነው። ያን ሰሞን ጭምብሉን ገልጬ ከውስጥ የረጠበውን መስተዋት ስጠርግ ባልደረቦቼ ጭስ ነው ይሉኝ ነበር። ይህን ነግሬው አላውቅም።

ገመዱን አንስቼ መልሼ ሰካሁት። በግራ እጅ ስለነበር ሦስት ጊዜ ሳትኩት።

«የት ጋ ነው የሚጻፈው?» ብዬ ጮኽኩ።

በጣቱ አሳየኝ። በአንድ ጣት ፊደል እየፈለግሁ «በያጁ» ብዬ ጻፍኩ። አንዱ ፊደል ሲያስቸግረኝ ሊረዳኝ እጁን ዘረጋ።

«እጅህን ሰብስብ!»

ሰበሰበ።

አፍንጫ ጥርቡ ሰውዬ፣ ማለቴ እኔ፣ ዝናብ የሚዘንብበት ድልድይ አጠገብ ቆሜ ተገኘሁ። የለበስኩት ጆንያ ብቻ ነው። አሥራ ሁለት የሚሆኑ ሰዎች፣ ባለ ሰይፍ፣ ባለ ቀስት፣ ባለ ረጅም ጺም፣ ከበው ያዩኛል። አንዱ ከመካከላቸው ወጣና መሬት ላይ ካፖርት አስቀምጦ ወደ ኋላ ተመለሰ።

«ምን ፈልጎ ነው?»

«ላንተ ነው። ለአዲስ ገቢ ይሰጣል።»

«ማን ለበረደው!»

«እሺ ተወው።»

ተውኩት። ዝናቡ ቀጠለ። ሰዎቹ ከቆሙበት አልተነቃነቁም፤ የሚቸኩልም የሚናገርም የለም። በግራ እጄ ማውዙን ገፋሁ፤ ሰውዬዬ ዞሮ ከድልድዩ መከታ ጋር ተላተመ። እንደገና ገፋሁት፤ እንደገና ተላተመ።

«ዝም ብለህ ታየኛለህ?» ብዬ ጮኽኩበት ወንድሜን። «ካፖርቱ እንዴት ነው የሚነሳው?»