የአቶ ድንበሩ ማስነጠስ

"ይሰማ! ይሰማ! አቶ ድንበሩ አስነጥሰዋል!" ሲል ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የኢንሹራንስ ጆሮ አወጀ።

በአሜሪካ አዲሱ ደንብ፣ ያስነጠሰ ሰው "ይማርህ" ከተባለ እንደታመመ ይቆጠራል፤ የታመመን ደግሞ ኢንሹራንስ አይሸፍንም። የድንበሩ የዓይን ቀዶ ሕክምና ሊጸድቅ የቀረው አንድ ደቂቃ ነው። ሚስቱ እታገኝ በሁለት እጇ አፏን አፈነች።

"በርቺ የኔ ጀግና! ነገ እኮ ፊትሽን ላየው ነው!" አለና ደግሞ አስነጠሰ።

እታገኝ ጭጭ አለች። ድንበሩን ግን የዕድሜ ልክ ልማዱ አመለጠው፤ "ያኑርሽ!"

ጆሮው ትንሽ አሰበ። "ይማርህ ያለ ሰው አልተሰማም። ጸድቋል!"

እታገኝ እልልታዋን አቀለጠችው።

"ግን አቶ ድንበሩ፣ ማንም ምንም ሳይልዎ 'ያኑርሽ' ያሉት ለምንድን ነው?" ሲል ጆሮው ጠየቀ።

"አልናገርም። የልቧን ከነገርኩህ ትሰርዘዋለህ።"