የምንውዬለት ወንበር

የእንግሊዝኛ መምህሩ በቋሚነት መቀጠሩ ዛሬ በሚመጡት ሱፐርቫይዘር እጅ ነው። ስለዚህ ድምፃቸው አንድ፣ ትርጉማቸው ሁለት የሆኑ ቃላትን ትናንት ለየተማሪው አንድ አንድ አከፋፍሎ አስሸምድዷል። ሱፐርቫይዘሩ ገብተው ዛሬ ከክፍል በቀረው ተማሪ በምንውዬለት ወንበር ላይ ዘፍ አሉ።

መምህሩ በወንበር ተራ መጠየቅ ጀመረ።

«ሰን?»

«ልጅም ፀሐይም ነው፣ ቲቸር!»

«ሚት?»

«ሥጋም መገናኘትም ነው፣ ቲቸር!»

ልቡ ሞቅ አለና ጣቱ ሳያስበው ወደ ቀጣዩ ወንበር ተቀሰረ። «ፍላወር?»

ሱፐርቫይዘሩ እንደ ተማሪ ብድግ አሉ። «አበባ... አበባና...» ላብ አጠመቃቸው። ዱቄት መሆኑንም የሚያውቀው ምንውዬለት ብቻ ነበር።

መምህሩ «አለቀልኝ» ብሎ ዓይኑን ጨፈነ።

ሱፐርቫይዘሩ ሲወጡ የግምገማ ወረቀቱን ሰጡት። «እጅግ በጣም ጥሩ» ይላል። ከዚያ ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው፣

«ሌላ ጊዜ ግን፣ ወንድሜ፣ የኔንም ቃል ከዋዜማው ስጠኝ» አሉት።