ዘጠነኛው ምርኩዝ

«ፈርሚ አልኩሽ!»

«አልፈርምም።»

«እናትነሽ፣ ትሰሚኛለሽ? መኪናው ሞተሩ እየሠራ ነው... ሜዳ ላይ ሰው እየጠበቀ ነው!»

«ይጠብቅ። ዘጠነኛው ምርኩዝ ተሰንጥቋል።»

ባስልዮስ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

ነገሩ የሆነው አሜሪካ ውስጥ፣ ከዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ብዙም በማይርቅ መጋዘን ውስጥ ነው። ባስልዮስ የስፖርት ዕቃ ከውጭ እያስመጣ ለትምህርት ቤቶች ያከፋፍላል። እናትነሽ የገባውን ዕቃ ከፍታ ታያለች፣ ደህና ከሆነ ትፈርማለች። በዕድሜ ብዙ ትበልጠዋለች። ሲቆጣ ግን ይሄን ይረሳዋል።

ዛሬ የመጡት አሥራ ሁለት የምርኩዝ ዝላይ ምርኩዞች ናቸው... አትሌቶቹ ተንደርድረው መሬት ላይ ተክለው፣ አጉብጠው ወደ ላይ የሚወነጨፉባቸው ረጃጅም ዘንጎች።

እናትነሽ ሁሉንም ከካርቶን ቱቧቸው አውጥታ በአሮጌ ስቶኪንግ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሸቻቸው። ደህና ምርኩዝ ላይ ስቶኪንግ ይንሸራተታል። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካለች ግን ይያዛል።

ዘጠነኛው ላይ ተያዘ።

«በስቶኪንግ!» አለ ባስልዮስ ወደ ሠራተኞቹ ዞሮ። «ዕቃ የምታይልኝ ሰው ቀጠርኩ ብዬ... እሷ የልብስ ማጠቢያ ከፈተችልኝ!»

ዕቃ ማንሻው ፎርክሊፍት ላይ የተቀመጠው ገመቹ ከት ብሎ ሳቀ።

«ሶ... ጉምሩክ ዛሬም አላሳለፈችም?»

ጉምሩክ ነው የሚሏት።

«ቱቦው ላይ የተጨፈለቀው አይታይህም?» አለች እናትነሽ፣ ገመቹን ዞር ብላም ሳታየው። «ከላዩ ከባድ ነገር ጭነውበታል። በእንጨት ሳጥን ታሽጎ ይምጣ ብዬ ስንቴ ነገርኩህ? ካርቶን ይሄን አይችልም!»

ለባስልዮስ በደንብ ይታየዋል። ችግሩም እሱ ነው...

ጠዋት ዕቃውን ያመጡት ሾፌር ጋሽ ሀብቴ ነበሩ። አባቱ የሚሆኑ ሰው። ወገባቸውን ይዘው ቆመው ሲያያቸው ይሉኝታ ያዘው። «እኚህን ሰውዬ አቁሜ ካርቶን ልፈትሽ?» አለና አንዱንም ሳያይ «በደህና ተረክቤያለሁ» የሚለው ላይ ፈረመላቸው። አንዴ እንዲያ ከፈረሙ በኋላ «ተጎድቶ ነው የመጣው» ቢሉ የሚሰማ የለም፤ ኪሳራው የራስ ነው።

ይሄን ለእናትነሽ አልነገራትም። የነገራት ሌላ ነው።

«ስሚ፣ ይሄ ምርኩዝ በአንዲት ልጅ ክብደት ልክ የታዘዘ ነው። ሌላው አይሆናትም። ዛሬ ውድድር አለባት፣ ስኮላርሺፕ የሚሰጡ ሰዎች ሊያዩዋት መጥተዋል። አንቺ በስቶኪንግ ዕድሏን ልትዘጊባት ነው? የልጅ ነገር አይገባሽም? አንጀት የለሽም?»

እናትነሽ የሆነ ነገር ልትል አፏን ከፈተች... ተወችው።

«አየር ላይ ከተሰበረ በአንገቷ ነው የምትወርደው» አለች ብቻ።

«ኦኬ፣ በቃ! እኔ እፈርማለሁ። አንቺ ቦርሳሽን ያዢ። ከአሁን በኋላ እዚህ ሥራ የለሽም።»

በእሷ ቦታ ራሱ ፈረመ። መኪናውንም ራሱ ነድቶ ውድድሩ ወዳለበት ጋርላንድ ከተማ በረረ።

ሜዳው ላይ ሲደርስ ጣቶቿን በፕላስተር የጠቀለለች ቀጭን ልጅ ወደ እሱ መጣች።

«ዘጠኝ ቁጥር ይሄ ነው?» አለችው እንግሊዝኛ በተጫነው አማርኛ።

«አዎ፣ ያንቺ ነው የኔ ቆንጆ! እንኳን ደረስኩልሽ!»

«አልነካውም። ማሚ ኮል አደረገችልኝ።»

«ማሚ... ማን?»

«እናትነሽ።»

ባስልዮስ ምርኩዙ ላይ የታሰረውን ካርድ ገልብጦ አየ።

ካርዱ ላይ የትምህርት ቤቱ ስምና የልጅቷ ክብደት ተጽፏል። እናትነሽ የማን እንደሆነ ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር። ያ ምርኩዝ እንዲደርስ ከማንም በላይ የምትፈልገው እሷ ነበረች...

የልጅቷ አሰልጣኝ ምርኩዙን ተቀበለው። አንዱን ጫፍ ግድግዳ ላይ አስደግፎ በሁለት እጁ ገፋው።

ጧ!!

እንደ ጥይት ጮኸ። ስቶኪንጉ የተያዘበት ቦታ ላይ ለሁለት ተሰበረ።

ልጅቷ፣ ሔራን ትባላለች፣ ስባሪውን አላየችም። እሱን ነው ያየችው።

«የሌላ ልጅ ቢሆንስ?» አለችው። «ማን ኮል ያደርግላታል?»



በዚያ ቀን ሔራን አልዘለለችም። በልኳ የሚሆን ምርኩዝ ከየትም አልተገኘም።

ባስልዮስ ሲመለስ እናትነሽ መጋዘኑ በር ላይ የሚወስዳትን መኪና እየጠበቀች ነበር። ሮጦ ሄደ።

«እትዬ እናትነሽ... ማለቴ... ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልጅዎ መሆኗን አላወቅኩም። ቢነግሩኝ ኖሮ እኮ አልወስደውም ነበር!»

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ፣ የሌላ ሰው ልጅ ቢሆን ይወስደው እንደነበር መናገሩ ለራሱም ተሰማው።

ገመቹም ሰምቷል። ዛሬ ጠዋት የሳቀው ልጅ አሁን መሬት መሬት ያያል።

«ነገ ይመለሱ» አለ ባስልዮስ። «የሁሉም አለቃ አደርግዎታለሁ። ያሉት ሁሉ ይሆናል... በእንጨት ሳጥን ይመጣል...»



እናትነሽ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች፣ ጀርባዋን ሰጠችው፣ ፓርኪንጉን አቋርጣ ሊወስዳት ወደመጣው መኪና ሄደች።



...

ወዳጆቼ፣ ሥራውን አጥብቆ የሚይዝ ሰው ደረቅና ክፉ ይመስለናል። እኛ ግን በይሉኝታ ሳናይ የምንፈርማት ፊርማ አንድ ቀን የማናውቀው ሰው አንገት ላይ ታርፋለች። ለምናውቀው ሰው ልጅ ብቻ መጠንቀቅ ጥንቃቄ አይባልም።

እናንተ በእናትነሽ ቦታ ብትሆኑ በማግስቱ ወደዚያ መጋዘን ትመለሱ ነበር? ለምን? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ።