ስምንት ጠጠር

በጎቹ አልጎደሉም፤ የተበላሸው የአባቷ አቆጣጠር ነበር።

አያ ቢራራ በወጣትነታቸው የቀኝ እጃቸውን ትንሽ ጣት ማጭድ ወስዶባቸዋል። ስለዚህ በጎቹ ማታ ወደ ጉረኖ ሲገቡ አንድ በግ ባለፈ ቁጥር አንድ ጣት ያጥፋሉ፤ ዘጠኙ ጣት ሲያልቅ አንድ ጠጠር ጣሳ ውስጥ ይጥላሉ። ሰማንያው በግ ሁልጊዜ ስምንት ጠጠርና ስምንት የታጠፈ ጣት ነበር። ልጃቸው እስከዳር ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሒሳብ ስትማር ይህ በአሥር ፈንታ በዘጠኝ በዘጠኝ መቁጠር፣ ቤዝ ዘጠኝ የሚባለው እንደሆነ፣ ሰማንያም በዚያ 88 ተብሎ እንደሚጻፍ ገባት። አሁን ደባርቅ ላይ ስታስተምር ለተማሪዎቿ የምትሰጠው ምሳሌ ይኸው ነው።

ትናንት አባቷ የጠፋች በቅሎ ፍለጋ ሊማሊሞ ወርደው እዚያው አደሩ። ዛሬ ተመልሰው በጎቹን ሲያስገቡ በግራ እጃቸው ስምንት ጠጠር ጣሉና ቀኙን ከጋቢው ሳያወጡ ጉረኖውን ዘጉ።

«ትርፍ የለም አባባ?»

«የለም፤ ልክ ሞልቷል።»

ስምንት በግ የጠፋ መስሏት ራሷ ገብታ ቆጠረች። ሰማንያ ናቸው።

ቤት ገብተው እሳቱ ዳር ተቀመጡ።

«በስንት በስንት ነው የቆጠሩት?»

«በስንት ይቆጠራል ደግሞ? በአሥር ነዋ። አስተማሪ ነኝ ትያለሽ እንጂ!»

ሳቁ። ሳቁ የአባቷ ነው። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን አውጥተው ወደ እሳቱ ዘረጉት፤ ትንሿ ጣት ከሌሎቹ ጋር ትሞቃለች።

«ምነው አፈጠጥሽ? የጎደለ ነገር አለ?»

«ምንም አልጎደለም» አለች እስከዳር። ተነሥታ ወጣችና በሩን ከውጭ ዘጋችው።