ሁለት ይቀንሱ

በሩ ከኋላዬ ጠቅ ብሎ ሲዘጋ መጀመሪያ የመጣብኝ ፍርሃት ሳይሆን ንዴት ነው። በሩን ያስደገፍሁበት ድንጋይ ተንሸራቷል። በሩን ከውስጥ የሚከፍተውን እጀታ ደግሞ ሐሙስ ዕለት ነቅዬ ለበያጅ የላክሁት እኔው ራሴ ነኝ። ለአንድ ደቂቃ ነው የምገባ ብዬ ጃኬቴንም ስልኬንም ውጭ ወንበር ላይ ጥያቸዋለሁ።

አዘዞ፣ የክትባት ማከማቻ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ነኝ። ቅዳሜ ነው፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት። ነገ ከተራ፣ ሰኞ ጥምቀት፣ ማክሰኞ ሚካኤል። ከተማው ሁሉ ታቦት አጅቦ ወደ ቀሐ ወንዝ ይወርዳል፤ ይህን በር እስከ ረቡዕ የሚከፍት ሰው የለም። ባለቤቴ ትዕግስት ሳንጃ ከተማ፣ እናቷ ዘንድ ናት፤ ስልኬን ባላነሳ ኔትወርክ ነው ብላ ትተወዋለች። ክፍሉ አራት ዲግሪ ነው። ለክትባቱ ሸጋ ነው፤ በሸሚዝ የቆመን ሰው ግን ለረቡዕ አያደርስም።

በቡጢ ደበደብሁ። ጮህሁ። ግድግዳው ወፍራም ነው፤ በዚያ ላይ የማቀዝቀዣው ማራገቢያ ያጓራል። ከግድግዳው ማዶ የተቀመጡት ጥበቃው አያ ወንዴ ደግሞ ጆሯቸው ከበድ ያለ ነው።

የቀረችኝ ከመደርደሪያው ላይ የተንጠለጠለችው ቀጭን ሽቦ ናት። ጫፏ የክፍሉን ሙቀት ትለካለች፤ ቁጥሩ የሚታየው በአያ ወንዴ ጠረጴዛ ላይ ነው። ከስምንት ዲግሪ ስታልፍ አላርም ይጮሃል። ጫፏን በጡጫዬ ጨበጥኋት። ጥቂት ቆይቶ ሽቦዋ በምታልፍባት ቀዳዳ በኩል ጩኸቱ መጣ። እግዚአብሔር ይመስገን አልሁ።

ጩኸቱ ተቋረጠ። አጠፉት።

ለምን እንዳጠፉት ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ባለፈው ሳምንት ሽቦዋን በረዶ በሞላው ውሃ ውስጥ ነክሬ ብፈትናት፣ ዜሮ ማለት ሲገባት ሁለት አለች። አዲስ እስኪላክልን ብዬ፣ "አያ ወንዴ፣ ይቺ እቃ ታማለች። ከምትለው ላይ ሁለት ይቀንሱ። ብትጮህም አይደንግጡ፣ ያጥፏት" አልኋቸው።

"ሁለት መቀነስ ምን ይቸግራል፣ ልጄ እንዳልካቸው" አሉኝ። የትክል ድንጋይ አገር ሰው ናቸው፤ አንዴ እሺ ካሉ ንቅንቅ የለም። ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

በቀዳዳዋ ብጣራም አልሰሙኝም። እንደገና ጨበጥኋት። ጮኸ፤ አጠፉት። ሦስተኛም ጮኸ፤ አጠፉት። ጣቶቼ ደንዝዘዋል፤ በቀዘቀዘ እጅ አሥራ አምስት ትበል አሥር አላውቅም። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተራቸው ያበቃና ሕንፃውን ቆልፈው ይሄዳሉ። የማታው ጥበቃ ከውጭው በር አልፎ አይገባም። ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብዬ አለቀስሁ፤ ምን ይደበቃል።

ፊቴን በእጅጌዬ ስጠርግ ነው የኮሮናው ጊዜ ትዝ ያለኝ። አያ ወንዴ ያንን ሙቀት መለኪያ ይዘው በሩ ላይ ይቆሙና የሚገባውን ሁሉ ግንባሩን ይለኩት ነበር። "ሠላሳ ስድስት! ሰው ነህ፣ ግባ" ይሉን ነበር፣ ኃላፊውንም ሳይቀር። ከዓመት በላይ ጠዋት ጠዋት ያነበቡት ቁጥር ያ ብቻ ነው።

ሽቦዋን አፌ ውስጥ ከተትሁ፣ ምላሴ ሥር። የዝገት ጣዕም አላት። ከንፈሬን ገጥሜ በአፍንጫዬ ተነፈስሁ። ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ሊበጥሳት ሆነ፤ መንጋጋዬን በሁለት እጄ ያዝሁት። የፈተንኋት ዜሮ ላይ ብቻ ነው። ሙቀት ላይ ስትሆን ስህተቷ ያው ሁለት ይሁን፣ አምስት ይሁን፣ አላየሁም። ስንፍና ነበር። አሁን ደግሞ እኔስ ስንት ዲግሪ ቀርቶኛል?

አላርሙ ጮኸ።

አጠፉት።

ማራገቢያው ያጓራል። ከዚያ በቀር ምንም የለም። አልቆልኛል አልሁ በሆዴ። ቆይቶ ቆይቶ ማዶ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ፤ ድምፃቸውም በቀዳዳዋ በኩል መጣ፤ አፋቸውን አስጠግተው መሆን አለበት።

"ምነው፣ ሠላሳ ስምንት አለች እኮ ይቺ እቃ። ሁለት ቀነስሁላት። ሠላሳ ስድስት ሆነች። ሠላሳ ስድስት እኮ ሰው ነው። ማን አለ እዚያ? እንዳልካቸው?"

አለሁ ልላቸው ነበር። ለመናገር ግን ሽቦዋን ማውጣት ሊኖርብኝ ነው፤ ካወጣኋት ቁጥሩ ይወርዳል። ኮቴያቸው ኮሪደሩን ዞሮ እስኪመጣ፣ የበሩ መቀርቀሪያ ከውጭ እስኪከፈት፣ መንጋጋዬን እንደያዝሁ፣ አፌን እንደገጠምሁ ቆምሁ።