የውስጠኛው ክፍል ጎማ

ዙሌይካ ሐይቅ ከተማ ወዳለው የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ምሳ ይዛ መመላለስ ከጀመረች አሥራ አንድ ቀን ሆኗታል። ጊዜው የሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዓመተ ምሕረት ጥር ነው። ልጇ ኢስሃቅ ወረቀት በትኗል ተብሎ ታስሯል።

ምሳውን የሚቀበላት ዘበኛው አብተው ነው። አብተው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጠመንጃ ያስያዘው ችግር ነው። ኢስሃቅ በገባ በሦስተኛው ቀን ውስጠኛው ክፍል ውስጥ መሞቱን ያውቃል። የቀበሌው ሊቀመንበር «ያወራ ወዮለት» ብሏል፤ ባይልም አብተው ለእናቱ የሚነግርበት አንደበት አልነበረውም። ስለዚህ ምሳውን ለሌሎቹ እስረኞች ያካፍልና ባዶውን ሳህን ይመልስላታል። ሳህን እንደሞላ ሲመለስ ምን ማለት እንደሆነ በዚያ ዘመን የማያውቅ እናት የለም።

«በላ?» አለችው የዚያን ቀን።

«አሟጦ ነው የበላው፣ እትዬ።»

«ባቄላውንም?»

«ባቄላውንም።»

አብተው ውሸት የማያምርበት ሰው ነው፤ ይህን ሲል መሬት መሬት ያይ ነበር። ዙሌይካ ሳህኑን በሻሿ ጠቀለለችው።

«የውስጠኛውን ክፍል ወለል የሚያጥብ ጠፋ ሲሉ ሰማሁ» አለች። «እኔ ልጠበው።»

አብተው ደነገጠ። ወለሉ ካረጀ የጭነት መኪና ጎማ እንደ በረባሶ እየተቆረጠ፣ እየተጋጠመ በሚስማር የተመታ ነው። የገባበት ቆሻሻ ስንጥቁ ውስጥ ይቀራል። የጽዳት ሠራተኛዋ አንድ ጠዋት ባልዲዋን ጥላ ከሄደች ወዲህ ማንም አልነካውም፤ ሊቀመንበሩ ደግሞ ከደሴ እንግዶች ይመጣሉና ይጽዳ ብሏል። አብተው እምቢ ቢላት ለምን ብላ ትጠይቀዋለች።

«ናፍጣ እንዳይነካው፤ ጎማው ይሟሟና እግር ላይ ይጣበቃል» አላት። «የፈላ ውሃም ያጣምመዋል።»

«ለብ ያለ ነው የማመጣለት።»

በማግስቱ የቁርቁራ ቅጠል የተዘፈዘፈበት ውሃ ይዛ መጣች። መጥረጊያ ቢያቀብላት አልተቀበለችውም። እጇን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ከቀኝ በኩል ጀመረች።

«ቅጠሉ ለምንድን ነው፣ እትዬ?»

«የጎማውን ሽታ ያጠፋል።»

አላመናትም። የእያንዳንዱን ጎማ ጠርዝ በጣቷ ትዳብሳለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለውም። ከግድግዳው ማዶ እስረኞቹ ናቸው። ልጇን የምታስመልጥበት ቀዳዳ እየፈለገች ነው አለ አብተው በልቡ። የሌለ ልጅ አስመልጣለሁ ብላ ራሷን ልታስገድል ነው።

በሁለተኛው ቀን በንጹሕ ውሃ ደገመችው፤ እንደገና ከቀኝ።

«ትናንት ጸድቶ የለም እንዴ?»

«አንዴ አይበቃውም» አለችው።

በሦስተኛው ቀን ከጨርቅ ፈትታ ነጭ ነገር ውሃው ውስጥ በተነች። ክፍሉ መድኃኒት መድኃኒት ሸተተ። አብተው በር ላይ ቆሞ የሊቀመንበሩን መምጫ ይቃኝ ነበር። የሚያስጠነቅቃት ሌላ ሰው የላትም፤ እሱ ካልነገራት የሚያድናት የለም። ጨርሳ ስትወጣ መንገድ ዘጋባት።

«እትዬ ዙሌይካ፣ ከእንግዲህ እዚህ አይምጡ። የሚፈልጉትን አውቄዋለሁ። ቢደርሱብዎ ይገድሉዎታል። ኢስሃቅን ከዚህ ማውጣት አይቻልም።»

ዙሌይካ ጨርቁን ጨመቀችው።

«አልመጣም» አለች። «ኢስሃቅ ባቄላ በአፉ አዙሮ አያውቅም። ሬሳውን የሚያጥብ ወንድ ስላልተፈቀደለት፣ ደሙ በቀረበት ወለል ላይ እኔው እናቱ እንደ ደንባችን ሦስቴ አጥቤዋለሁ፤ የቀበራችሁበትን ብቻ ንገረኝና ይሰገድበት።»